ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከጽኑ ሕሙማን ሕክምና ታሪክ አንጻር የተነበበ ሕይወት

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በብዙ ማዕረግ ይታወቃሉ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ እየተባሉ ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙ የሚጻፈው ስለ መጨረሻው፣ ትንሽ የሚጻፈው ደግሞ ስለ መጀመሪያው ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ትኩረት በለውጥ ፈላጊነታቸውና በዲፕሎማትነታቸው ላይ ስለሚያርፍ፣ ሐኪምነታቸው ለቀሪው ሕይወታቸው እንደ መቅድም ተቆጥሮ በጥቂት መስመር ይታለፋል።

ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከሌላኛው ጫፍ ለማንበብ ይሞክራል። ሐኪም ወርቅነህ የኖሩባቸው 87 ዓመታት ገደማ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ደም ከአደገኛ ሙከራነት ወጥተው የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ምሰሶ የሆኑባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጎንደር የተወለደ አንድ ሐኪም በዚያ ዘመን ደሙ የፈሰሰ ወይም የሰውነቱ ውሃ ያለቀበት በሽተኛ ፊት ሲቆም ምን ለመወሰን ይችል ነበር? የሚያስፈልገው ዕውቀት ከተገኘ በኋላስ ውሳኔውን ያዘገየው ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወርቅነህ በ1865 ገደማ ጎንደር ተወለዱ። ወቅቱ ለከተማይቱ የመከራ ነበር። በ1865 ከመካ ተጓዦች ጋር ተስፋፍቶ የዓለምን ግማሽ ያዳረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ በተከታዩ ዓመት ጣና ዳር ደርሶ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠፈር ውስጥ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱም ሠራዊታቸውን ከሐይቁ ዳርቻ አንሥተው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር አዛወሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ከእሳቱ አልተረፉም። የወርቅነህ ቤተሰብ በዚህ ሁሉ መካከል ወደ መቅደላ አቅጣጫ ተወሰደ። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ፣ ሚያዝያ 13 ቀን አምባው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ከወላጆቹ የተለየ፣ ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ የሆነ ሕፃን በውጊያው ቦታ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ የእንግሊዝ መኮንንም ይዘውት ወደ ሕንድ ሄዱ።

እዚህ ላይ ስለ ኮሌራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የፈሳሽ ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ በሽታ ነውና። ኮሌራ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው። በበሽታው ክፉኛ የተያዘ አዋቂ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃና ጨው ሊያጣ ይችላል። ደሙ ይወፍራል፣ የልብ ምቱ ከእጅ ይጠፋል፣ ሽንቱ ይቆማል። ይህን ኦሾክነሲ የተባለ ወጣት የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም የበሽተኞችን ደም መርምሮ ደርሶበታል፤ በ1832 ደግሞ ቶማስ ላታ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በኤዲንብራ ወደብ በሌይዝ የጨው ውሃን በደም ሥር በመስጠት በተግባር ሞከረው። ላታ መጀመሪያ ያከማት አሮጊት ለሞት የተቃረበች ነበረች። ስድስት ፓይንት፣ ማለትም ከሦስት ሊትር በላይ ፈሳሽ ከገባላት በኋላ ፊቷ ተመለሰ፣ ድምፅዋም ጠራ። ላታም ዳነች ብሎ ለሆስፒታሉ ሐኪም አደራ ሰጥቶ ሄደ። ተቅማጡና ትውከቱ ግን እንደገና ተነሣ፤ ፈሳሹን የደገመላት አልነበረምና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች።

ይህን ታሪክ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የላታን ስም ሰምቶ ባያውቅም። ፈሳሽ መጀመር አንድ ውሳኔ ነው፤ መቼ እንደሚደገም፣ መቼ እንደሚቆምና ማን አጠገቡ ሆኖ እንደሚጠብቅ መወሰን ደግሞ ሌላ ነው፤ የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ላታ በ1833 በሳምባ ነቀርሳ ሞተ። ዘዴው ለሞት በተቃረቡ በሽተኞች ላይ ብቻ ስለተሞከረ፣ ውሃው ንጹሕ ስላልነበረና ውጤቱም ስለተለያየ ተተወ። በጣና ዳር የቴዎድሮስ ወታደሮች እንደ ቅጠል ሲረግፉ መድኃኒታቸው ከታወቀ 34 ዓመት ሆኖት ነበር፤ በአውሮፓም ቢሆን የሚሠራበት ሰው እምብዛም አልነበረም።

ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ ልጁን የማስተማሩን አደራ ሌላ መኮንን፣ ኮሎኔል ማርቲን ተረከቡ። ቻርልስ ማርቲን የተባለው የፈረንጅ ስማቸው ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የመጣ ነው። በፑንጃብ በሚስዮን ትምህርት ቤቶች ተምረው ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገቡ፤ በ1882 ተመረቁ። ከዚያ በእንግሊዝ ሕንድ የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ሲሠሩ ቆይተው ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው ትምህርታቸውን አሻሻሉ፤ ተመልሰውም በበርማ የወረዳ ሐኪም ሆኑ። በርማ በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው እንደ አንድ የሕንድ ክፍለ ሀገር ነበር።

የተመረቁበት ዓመት ለርእሳችን ትርጉም አለው። በ1870ዎቹ የአውሮፓ ሐኪሞች የበግ ደም፣ አንዳንዶቹም ወተት ሳይቀር በሰው ደም ሥር ያስገቡ ነበር፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ጠፍቶበታል። በ1818 በለንደን ጄምስ ብለንደል በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈስሳቸው እናቶች የሰውን ደም የመስጠት ሥራ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ የአንዱ ሰው ደም ሌላውን ለምን እንደሚያድንና ሦስተኛውን ለምን እንደሚገድል የሚያስረዳ አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጀርመን ሐኪሞች ደም ለፈሰሰው ሰው የጨው ውሃ መስጠት ከደም ይልቅ አስተማማኝ ነው ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። በ1883 ሲድኒ ሪንገር ልብ እንዳይቆም ከጨው ሌላ ጥቂት ካልሲየምና ፖታሲየም እንደሚያስፈልግ አሳየ፤ ዛሬ በየክፍላችን የሚሰቀለው የሪንገር ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሐኪም ወደ ሥራ የገቡት ደም በተተወበትና ጨው ውሃ በተመለሰበት መገናኛ ላይ ነው። የእሳቸው ትውልድ ሐኪም ለተመታ ወይም ለደማች ሰው የነበረው ምርጫ ቁስሉን ማሰር፣ ሰውየውን ማሞቅ፣ በአፍ ማጠጣት፣ ዕቃው ከተገኘም ደም ሥር ቀድዶ የጨው ውሃ መስጠት ነበር።

በ1896 የዐድዋ ድል ወሬ በርማ ደረሰ። ወርቅነህ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ ቋንቋውን ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ረስተውታል። ወዲያው ወደ አገራቸው ለመግባት ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። በክፍለ ዘመኑ መገባደጃ ላይ ግን አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። ስማቸው ሲሰማ፣ ልጅ የጠፋባቸው አያታቸው መጥተው እጃቸውና እግራቸው ላይ ከልጅነት ጀምሮ በነበሩት ጠባሳዎች ለዩአቸው። የብዙ ሰው ልብ የሚነካው የሕይወታቸው ክፍል ይህ ነው፤ በየመጽሐፉም ይተረካል። እኔን የሚያቆመኝ ግን ድንኳኑ ነው።

በሸራ ድንኳን ውስጥ አንድ ሐኪም ብቻውን ለአንድ በሽተኛ የጨው ውሃ በደም ሥር ለመስጠት ቢወስን የሚያስፈልገውን እንቁጠር። ንጹሕ ውሃ፣ የተመዘነ ጨው፣ የመስተዋት ዕቃ፣ የጎማ ቱቦ፣ ወደ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቧንቧ፣ ይህን ሁሉ የሚቀቅልበት እሳት ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጎንደርም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ለንደን ውስጥ ለተጻፈ መመሪያ ይህ ትንሽ ልዩነት አይታየውም፤ በደጋ ላይ ዕቃ ቀቅሎ ለሚሠራ ሰው ግን ቁም ነገር ነው። ከሁሉ በላይ ሌሊቱን በሽተኛው አጠገብ ተቀምጦ የልብ ምቱንና ትንፋሹን የሚቆጥር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። የሌይዟ አሮጊት የሞተችው ከዚህ ሁሉ የመጨረሻው ስለጎደለ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ነበር፤ ከዚያ ውጭ ባለው ሰፊ አገር ግን ነርስ የሚባል ሙያ ገና አልተፈጠረም።

በ1901 ሐኪም ወርቅነህ በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ላይ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆነው ወደ ኦጋዴን ወረዱ። ዘመቻው የተጎዳው ከጠላት ጥይት በማያንስ በውሃ እጦት ነበር። ከደጋ የወረደ ሠራዊት በበረሃ ሲጓዝ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው ስለ ጉድጓድ ነው፤ በዚያ አገር የፈሳሽ ሕክምና ማለት እንስራ ውሃ ማለት ነበርና። ጨውና ስኳር በልክ የተቀላቀለበት ውሃ በአፍ ተሰጥቶ ከባድ ድርቀትን እንደሚመልስ በዳካና በካልካታ በጥናት የተረጋገጠው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ ቀላሉ መድኃኒት ከሁሉ ዘግይቶ መምጣቱ የሕክምና ታሪክ ከሚያስገርሙን ነገሮች አንዱ ነው፤ ሐኪም ወርቅነህም አልደረሱበትም።

በዚያው በ1901፣ ሐኪሙ በኦጋዴን አሸዋ ላይ በነበሩበት ዓመት፣ በቪየና ካርል ላንድሽታይነር የሰው ደም በዓይነት የሚከፈል መሆኑን የሚያሳየውን ጽሑፉን አወጣ። የብለንደል እናቶች አንዳንዶቹ ለምን እንደዳኑ፣ ሌሎቹም ለምን እንደሞቱ መልሱ ተገኘ። ይሁን እንጂ ግኝቱ ከወረቀት ወደ በሽተኛ አልጋ ለመድረስ ዓመታት ወሰደበት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሶዲየም ሲትሬት በ1914 እና በ1915 በብራሰልስ፣ በቦነስ አይረስና በኒው ዮርክ ባይሞከር ኖሮ፣ ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን ተኝተው ደም ሥራቸው ካልተገናኘ በቀር ደም መስጠት አይቻልም ነበር። በ1917 ኦስዋልድ ሮበርትሰን በፈረንሳይ ግንባር ደምን በበረዶ ሣጥን አስቀምጦ ለቁስለኞች ሰጠ። በረዶ ያላት አገር ደም ማቆየት ቻለች።

ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ በ1908 የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ለሁለተኛ ጊዜ አዲስ አበባ መጡ። ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ታመው ነበር፤ በ1909 የደረሰባቸው ከባድ የአንጎል ምት ከሥራ አወጣቸው። ወርቅነህ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ አልጋ ዙሪያ የልዩ ልዩ መንግሥታት ሐኪሞች የሚፎካከሩበት፣ የሕክምና ውሳኔ ሁሉ በፖለቲካ ዓይን የሚታይበት ቦታ ሆኖ ነበር። አንድ የጀርመን ሐኪም ንጉሡ ተመርዘዋል ብሎ እስከ መጠርጠር ደርሷል። ለአንጎል ምት በወቅቱ ፍቱን ሕክምና በየትም አገር ስላልነበረ፣ ከፉክክሩ ያተረፈ የለም። በእነዚህ ዓመታት ወርቅነህ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ቤተሰብ መሠረቱ፤ በ1913 እንደገና ወደ በርማ ሄዱ።

ይህ የመጨረሻው የበርማ ቆይታቸው ከሁሉ ይልቅ ከርእሳችን ጋር የሚገናኝ ነው። በካልካታ ሊዮናርድ ሮጀርስ የተባለ ሐኪም ላታ የተወውን መንገድ ከ1908 ጀምሮ እንደገና ይዞ ነበር፤ በ1913 ስለ ኮሌራ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍም ወጥቷል። ሮጀርስ ያመጣው ለውጥ በፈሳሹ ዓይነት ብቻ አልነበረም። የጨው መጠኑን ከተለመደው አበርትቷል፤ የበለጠው ነገር ግን ፈሳሹ ለማን፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወሰንበትን መለኪያ ማበጀቱ ነው። ከበሽተኛው ጣት የምትወሰድ የደም ጠብታ በታወቀ ጥግግት ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስትገባ ትሰጥም ወይም ትንሳፈፍ እንደሆነ ይታያል፤ በዚህም ደሙ ምን ያህል እንደወፈረ ይታወቃል። የደም ግፊቱም ይለካል፤ ከ70 በታች ከሆነ በደም ሥር ይሰጣል። ከተሰጠ በኋላ እንደገና ይለካል፤ እንደገናም ይወሰናል። በካልካታ ሆስፒታል ከግማሽ በላይ የነበረው የኮሌራ ሞት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ይህ ዕውቀት የመነጨው ወርቅነህ በሚያገለግሉበት በዚያው የሕንድ የሕክምና አገልግሎት ውስጥ ነው፤ ኮሌራ የማያቋርጥባት በርማም ከካልካታ በባሕር የጥቂት ቀን መንገድ ናት።

ነገሩን ከዛሬ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል፤ የሮጀርስ ጥያቄ አላረጀምና። በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም በነበረባቸው 3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በአጭር ጊዜ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ሞትን እንዳበዛ አሳየ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፈሳሹን ካገኙት ከመቶ 10 ተኩል ገደማ ሲሞቱ፣ ካላገኙት የሞቱት ከመቶ 7.3 ነበሩ። ኮሌራን ያዳነው እጅ በወባና በከባድ ኢንፌክሽን የታመመን ሕፃን ጎዳ ማለት ነው። ስለ ደምም እንዲሁ ነው፤ በ1999 በካናዳ በ838 ጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ሄሞግሎቢን ከ7 በታች እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከ10 በታች ሲሆን ወዲያው ደም ከመስጠት ያልተናነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሮቹ ግን የተለኩት በሌላ አገር ነው። በሰሜን ተራሮች በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2002 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ብዙም አይለይም፤ የአንዲስ ደገኞች ግን በተመሳሳይ ከፍታ ከፍ ያለ መጠን ነው ያላቸው። ለከፍታ እየተባለ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ማስተካከያ ማድረግ የሰሜንን ገበሬ ሳይታመም ደም ያነሰው ሊያስመስለው ይችላል። ከቤንጋል ቆላ የተገኘ መለኪያ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲወጣ እንደገና መለካት አለበት፤ የመጀመሪያው ዕውቀት አሻጋሪ በነበሩት በሐኪም ወርቅነህ ዘመን ይህን የሚሠራ ቤተ ሙከራ አልነበረም።

በ1919፣ የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በፈጀ ማግስት ዓመት፣ ወርቅነህ ከበርማ አገልግሎት ጡረታ ወጥተው ለዘለቄታው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ሕይወታቸው አቅጣጫውን ይቀይራል። መንገድ ያሠራሉ፣ ነፃ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያቋቁማሉ፣ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በበላይነት ይመራሉ፣ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያዘጋጃሉ። በ1927 ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ከአንድ የኒው ዮርክ የምሕንድስና ድርጅት ጋር ተነጋገሩ፤ በተወለዱበት ዘመን ወረርሽኝ የገባበት ያው ሐይቅ መሆኑ ነው። በ1930 የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ አውራጃውም ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበር።

ይህን ለውጥ ብዙዎች ከሕክምና መራቅ አድርገው ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላነብበውም። ንባቤ ከራሳቸው ቃል የመጣ ሳይሆን ከሥራዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የላታን ታሪክ ወይም የሮጀርስን መለኪያ የሚያውቅ ሐኪም በአልጋ አጠገብ የሚወስነው ከበስተ ጀርባው ባለው ነገር ልክ መሆኑን ይረዳል። ማንበብ የሚችል ረዳት ከሌለ መጠን የሚመዘግብ የለም፤ መንገድ ከሌለ የደማች እናት በቃሬዛ ስትጓዝ ትሞታለች፤ ትምህርት ቤት ከሌለ ነርስም ላቦራቶሪ ሠራተኛም አይገኝም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል በሕክምና አገልግለው፣ በሌላው ዓለም ያዩት ሁሉ በአገራቸው ድንኳን ውስጥ እንዳልሠራ የተመለከቱ ሰው፣ ትምህርት ቤትና መንገድ ላይ መሠማራታቸው ከሙያቸው የወጣ አይመስለኝም።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። ከተማይቱ በደም ሕክምና ከዓለም ቀድማ ነበር። ከ1921 ጀምሮ ፐርሲ ኦሊቨር የተባለ የቀይ መስቀል ሰው በካምበርዌል ያቋቋመው አገልግሎት፣ ደማቸው ተመርምሮ በመዝገብ የተጻፈ በጎ ፈቃደኞች ከሆስፒታል በስልክ ሲጠሩ ሄደው ያለ ክፍያ ደም የሚሰጡበት ነበር። ሥርዓቱ ውድ መሣሪያ አልጠየቀም። መዝገብ፣ ስልክ፣ የደም ዓይነት የሚለይ ሰውና ለማያውቁት ሰው ደማቸውን የሚሰጡ ሰዎች በቂ ነበሩ።

በዚሁ ጊዜ በአገር ቤት የሆነው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1935 መጨረሻ፣ ከሰሜን ተራሮች ሥር በሚፈስሰው ተከዜ ዳር፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ አወረዱ። ሙስታርድ ጋዝ ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ሰፊ ቃጠሎ ያለበት ሰው ደግሞ ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ምክንያት ደሙ እንደ ኮሌራ በሽተኛ ይወፍራል። ይህን ፍራንክ አንደርሂል በ1921 በአሜሪካ ኒው ሄቨን በቲያትር ቤት እሳት የተቃጠሉ ሰዎችን መርምሮ አሳይቷል፤ የፈሳሽ ምትክ እንደሚያስፈልግም ጽፏል። አንደርሂል ቀደም ሲል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመርዝ ጋዞችን ያጠና ሰው ነበር። ስለዚህ ለተከዜ ዳር ቁስለኞች የሚሆነው ሕክምና በመጽሐፍ ውስጥ ነበር። በግንባሩ ግን ውሃ የሚያፈላ፣ ጨው የሚመዝን፣ ቁስለኛውን ከበቅሎ የሚያወርድ ሰው ታጥቷል። በሐምሌ 1935 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልና ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሆላንድ፣ ከግብፅና ከፊንላንድ የመጡ ጥቂት የአምቡላንስ ቡድኖች የቻሉትን ሠሩ፤ የእንግሊዙ ቡድን ሠፈር በመጋቢት 1936 ቆረም አጠገብ በቦምብ ተመታ።

በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ለንደን ላይ ተቀምጠው ይህን የሰሙት መልእክተኛ በዲፕሎማቶቹ መካከል ሐኪም የነበሩ ሰው ናቸው። የሚሟገቱለት ጉዳይ በመንግሥታቱ ማኅበር አዳራሽ የሕግ ጥያቄ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ቃጠሎና ድርቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ሚያዝያ 1 ቀን 1936 ጎንደር በጣሊያኖች ተያዘች፣ በግንቦት መጀመሪያ አዲስ አበባ። በ1937፣ በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ በተነሣው ጭፍጨፋ፣ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ተገደሉ። አባታቸው በስደት ቆይተው በ1942 ወደ ነፃይቱ አገራቸው ተመለሱ።

በስደት በነበሩባቸው ዓመታት የደም ሕክምና ታሪክ እንደ ጎርፍ ሮጧል። በ1936 መጨረሻ ኖርማን ቤቱን በማድሪድ ደም በመኪና ወደ ግንባር አደረሰ፤ በ1937 በቺካጎ የመጀመሪያው የሆስፒታል የደም ባንክ በዚሁ ስም ተከፈተ፤ በ1940 የአርኤች ዓይነት ተገኘ፤ ቻርልስ ድሩ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም ለእንግሊዝ የሚላከውን ፕላዝማ አደራጀ። ከኢትዮጵያ ጦርነት በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ በስፔን የተደረገው፣ በተከዜ ዳር አንድም ሰው አልደረሰውም።

ሐኪም ወርቅነህ ጥቅምት 9 ቀን 1952 ዐረፉ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1953፣ በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ ሰባት ሺህ ሰው ገደማ ጨረሰ። በከባድ ወባ የሚሞተው ሕፃን ብዙውን ጊዜ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ፈራርሰው ደሙ ያለቀበት ነው፤ የሚያስፈልገው የተመረመረ ደም፣ በልኩና በጊዜው ነው። መንግሥት በዚያ ወረርሽኝ ማግስት፣ በ1954፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ከፈተ፤ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በቡድን ሆነው እንዲሠለጥኑና ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወጡ ታስቦ። ኢትዮጵያ የራሷን የደም ባንክ አገልግሎት በቀይ መስቀል ማኅበር በኩል ያቋቋመችው ከዚያ በኋላ 15 ዓመት ቆይታ በ1969 ሲሆን፣ አገልግሎቱ የተጀመረውም በአዲስ አበባ ነው።